የባጃጁ ሹፌር የትኛው ሆቴል ያደርሰኛል?

(ሐዋሳ ውስጥ ለሆቴል፣ ለምግብ ቤትና ለአስጎብኚ ድርጅት ባለቤቶች ስለ ንግድ ምልክት ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። ከአንዳንድ ድግግሞሽ በስተቀር እንደተናገርኩት ትቼዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ። ምሳ ሊደርስ ሲል የሕግ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ዓሣው እየተጠበሰ መሆኑ እዚህ ድረስ ይሸታል። ቶሎ ልጀምር።

ትናንት ማታ ነው የገባሁት። ከመናኸሪያ ባጃጅ ያዝኩና አልጋ ያስያዝኩበትን ሆቴል ስም ነገርኩት። ሹፌሩ «አውቀዋለሁ ጋሼ» አለኝ። ሳያመነታ ወሰደኝ። ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ስሜን በኮምፒውተርም በደብተርም ፈልጋ አጣችው። ከዚያ ፈገግ አለች። «የእርስዎ ያኛው ነው። የእኛ ‹ኢንተርናሽናል› አለበት» አለችኝ።

ስቄ ልወጣ ስል አንድ ነገር ጨመረች። «እንዲህ ተሳስቶ የሚመጣ ብዙ ነው። ማታ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው እዚሁ ያድራል። ማን እንደገና ባጃጅ ይጠራል?»

ሌሊቱን ሳሰላስል ያደርኩት ይቺን ነገር ነው። ያኛው ባለሆቴል ፍራሽ ቀይሯል፣ ለማስታወቂያ ከፍሏል፣ ሠራተኛ አሠልጥኗል። እንግዳው ስሙን ሰምቶ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቷል። መጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ላይ ጠፋበት። የሚገርመው መጥፋቱን እንኳን አያውቅም። ከካዝናው ብር ቢጎድል ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ያየዋል። እንግዳ ሲጎድል ግን «ዘንድሮ ገበያው ቀዘቀዘ» ብሎ ያልፈዋል።

ሁለት ስሞች ተጋጭተው ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የሚነሳው ዋና ጥያቄ ይሄው ነው። ደንበኛውን ያምታታል ወይስ አያምታታም? እኔ ለራሴ የባጃጅ ፈተና እለዋለሁ። አዲስ ቤት ልትከፍቱ ስትሉ ስሙን ለአምስት ሹፌሮች ንገሩ። «የት ነው እሱ?» ካሏችሁ ደህና ስም ይዛችኋል። ሌላ ሰው በር ላይ ካወረዷችሁ ታፔላ ከማሠራታችሁ በፊት ስሙን ተዉት።

ይሄን ነገር መጀመሪያ ያወቅኩት ከሕግ መጽሐፍ አይደለም። እናቴ እዚሁ ሐይቁ አጠገብ ዓሣ ትሠራ ነበር። ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ጥብስ በዳጣ። ታፔላ አልነበራትም። ቤቷ ትልቅ ዋርካ አጠገብ ስለነበር ሰው «ዋርካው ሥር» ይለው ነበር። ስሙን እሷ አላወጣችውም፣ ደንበኛው ነው ያወጣላት። ከአዲስ አበባ ለሽርሽር የሚመጣው ሁሉ «ዋርካው ሥር እንገናኝ» ተባብሎ ነው የሚመጣው። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራች።

ከዚያ አብሯት የሚሠራ ልጅ ወጣ። መውጣቱ ምንም አይደለም፣ ሰው ራሱን ይችላል። ግን ሦስት ቤት አልፎ ተከራየና መብራት ያለው ቀይ ታፔላ ሰቀለ። «ዋርካው ሥር ዓሣ ቤት» ይላል። እዚያ ዋርካ የለም! ጥላም የለም። መንገደኛው ግን ታፔላ አይቶ ነው የሚገባው።

እናቴ አቤት ልትል ሄደች። የጠየቋት አንድ ነገር ነው፤ «ወረቀት አለሽ?» ወረቀትማ አላት። ንግድ ፈቃድ አላት፣ የግብር ደረሰኝ አላት። ሁለቱም ላይ የተጻፈው የራሷ ስም ከነአባቷ ነው። «ዋርካው ሥር» የሚል ቃል የትም የለም። «እማማ፣ ዋርካው እኮ የመንግሥት ነው» ብለው ሸኟት። ቤት ስትገባ እየሳቀች ነው የነገረችን። በኋላ ግን ስታለቅስ አይቻታለሁ።

እዚህ ላይ አንዲት እናት ከፊት ወንበር እጃቸውን አውጥተዋል። ይበሉ እትዬ።

«ልጄ፣ እኔ ንግድ ፈቃድ አለኝ። የንግድ ስሜም ንግድ ቢሮ ተመዝግቧል። ግብር በየዓመቱ እከፍላለሁ። አሁን ደግሞ ምን የሚሉት ወረቀት ልታመጣብን ነው?»

ጭብጨባው ይገባዎታል። ይቺ ጥያቄ ባትነሳ ኖሮ እኔ ራሴ አነሳት ነበር። ንግድ ቢሮ የሚመዘግበው የንግድ ስም ነጋዴው ማን እንደሆነ የሚነግር ነው። ግብር ሲከፍሉ፣ ባንክ ሲሄዱ፣ ውል ሲፈርሙ የሚጠሩበት። የንግድ ምልክት ሌላ ነገር ነው። እንግዳው የእርስዎን ቤት ከጎረቤቱ የሚለይበት ነው፤ ቃሉ፣ ሎጎው፣ ሜኑው ላይ ያለው ሥዕል። ይሄን የሚመዘግበው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን። ሕጉም ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 501/1998 ይባላል፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ 273/2005። አዋጁ በግልጽ እንደሚለው የምልክቱ ባለቤትነት የሚገኘው፣ በሌላ ሰው ላይም የሚጸናው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ዓሣ መጥበስ ብቻውን ያን ወረቀት አይተካም።

ያልተመዘገበ ሰው ባዶ እጁን ነው ማለቴ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ ደንበኛን የሚያምታታ ነጋዴን ተገቢ ያልሆነ ውድድር ፈጽሟል ይለዋል። በዚያ መንገድ መክሰስ ይቻላል። ግን ስሙ የእኔ ነው፣ ደንበኛው በዚህ ስም ያውቀኛል፣ ይሄ ሰው አምታቷል እያላችሁ ሁሉንም እናንተ በማስረጃ ማሳየት አለባችሁ። ምስክር ፍለጋ፣ የድሮ ፎቶ ፍለጋ። የተመዘገበ ሰው አንድ ወረቀት ዘርግቶ ይጀምራል።

አሁን ወደ ስም አወጣጥ ልምጣ፣ ምክንያቱም ግማሹ ጥፋት የሚሠራው እዚያ ነው።

ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ታፔላ እያነበባችሁ ሂዱ። ሐዋሳ፣ ሐይቅ፣ ሌክ፣ ታቦር፣ አሞራ ገደል፣ ፍቅር ሐይቅ። እነዚህን አምስት ስድስት ቃላት ነው እያገላበጥን የምንጠራው። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። መንገደኛው ቶሎ ቦታውን እንዲያውቅ ነው። ሕጉ ግን የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ጥራቱን ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ቃል ለአንድ ሰው አይሰጥም። «ሐይቅ ዳር ሆቴል» ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ማለት ነው። ይሄን ቃል ለአንድ ሰው ብንሰጠው ሌላው ሐይቅ ዳር ያለው ምን ሊባል ነው? በሎጎ አስጊጣችሁ ብታስመዘግቡት የሚጠበቅላችሁ ሥዕሉና ቃሉ አንድ ላይ ሆነው ነው። ቃሉን ነጥሎ የወሰደውን ሰው ማስቆም ይከብዳችኋል።

«ኩሪፍቱስ? እሱም የሐይቅ ስም አይደል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ቢሾፍቱ ያለ ሐይቅ ነው። ግን ዛሬ ያን ስም ሲሰማ ሐይቁን የሚያስብ ስንቱ ነው? ሪዞርቱን ነው የሚያስበው። ስሙ ስንት ዓመት ተለፍቶበት፣ በየከተማው ተሠርቶበት እዚህ ደረሰ። ያ ዓይነት ጊዜና ገንዘብ ያለው ይሞክረው። እኔ አሥር ክፍል ላለው ፔንሲዮን አልመክርም።

ታዲያ ምን ዓይነት ስም ይሻላል? ትስቁብኛላችሁ። አራት ልጆቹን ወልዶ፣ የአራቱንም ስም የመጀመሪያ ፊደል ገጣጥሞ ሆቴል የሚሰይም ሰው ታውቃላችሁ አይደል? እዚህም ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። አዎ፣ እኚያ ከኋላ የሚስቁት። እኛ «ይሄ ደግሞ የምን ቋንቋ ነው?» ብለን እናፌዛለን። በንግድ ምልክት ዓይን ግን እሳቸው ከሁላችንም በልጠውናል። ቃሉ ድሮ አልነበረም፣ ትርጉም የለውም፣ ሌላ ሰው በአጋጣሚ ሊያወጣው አይችልም። «ድንገት ገጠመብኝ» የሚል አስመሳይ የእሳቸውን ልጆች መውለድ ነበረበት።

ትርጉም ያለው ቃልም ይሆናል፣ ከሥራው ከራቀ። ለአልጋ ቤት «ምቾት» ብትሉ ደካማ ነው፣ ሁሉም አልጋ ቤት ምቾት አለኝ ይላል። «አባ ኮዳ» ብትሉስ? ሐይቁ ዳር ቆሞ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቀው ያ ራሰ በራ ወፍ ከአልጋ ጋር ምን አገናኘው? ለአልጋ ቤት ጠንካራ ነው። ለውበት ሳሎን ግን አላውቅም።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልበል። የእኛ ሰው ስም ሲገለብጥ ፊደል ይቀይራል። አንዱ በሐመሩ ሐ ጽፎ ሲያስመዘግብ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፍና «የእኔ ሌላ ነው» ይላል። ንጉሡን ሠ በእሳቱ ሰ፣ ጸሎቱን ጸ በፀሐዩ ፀ። የግዕዝ መምህር ፊት ትርጉም ይኖረው ይሆናል። ስልክ ደውሎ አልጋ የሚይዝ ሰው ፊት ግን የለውም። ጆሮ ሐመርና ሃሌታ አይለይም። ስትመዘገቡ የአማርኛውንም የላቲኑንም አጻጻፍ አብራችሁ አቅርቡ፣ የውጭ ቱሪስት የሚፈልጋችሁ በላቲኑ ነውና።

የውጭ ሰንሰለት ሆቴል ወይም ቡና ቤት ስምና ቀለም መገልበጥም ያው ነው። በሰው መሬት ላይ ፎቅ መሥራት ነው። በዓለም የታወቀ ምልክት እዚህ ባይመዘገብ እንኳን ሕጉ የሚያስብለት አለ። ስሙ ደግሞ ከታወቀላችሁ በኋላ ነው ባለቤቱ የሚመጣው፣ ፎቁ ካለቀ በኋላ።

አሁን ሐዋሳ ላይ ሆኜ ልዘለው የማልችለው ታሪክ አለ። ብዙዎቻችሁ ጫፉን ሰምታችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የቡና ኩባንያው ስታርባክስ አሜሪካ ውስጥ አንድ የቡና ምልክት ለማስመዝገብ አመለከተ። ምልክቱ «ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» ይላል። ልብ በሉ፣ «ሽርክና» የእኛ ቃል ነው። በእኛው ቋንቋ ሽርክና ተብሎ በእኛው ቡና ስም ሲመዘገብ ከሸሪኮቹ አንደኛው ወገን ወሬውን አልሰማም። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በራሱ ስም ለማስመዝገብ እዚያው አሜሪካ አመለከተ። ይርጋጨፌ አለፈ። ሐረርና ሲዳሞ ላይ ግን ክርክር ተነሳ። የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ። እነዚህ ስሞች የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው፣ የማንም ሊሆኑ አይችሉም አለ። ሲዳሞ ላይ ደግሞ ቀድሞ የገባው የስታርባክስ ማመልከቻ መንገድ ዘግቶ ነበር።

ያዙኝ እዚህ ላይ። ሲዳማ ገበሬ ጓሮ ለትውልድ የተለቀመ ቡና ስሙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ አሜሪካ ቢሮ ውስጥ «ማን ቀድሞ ፎርም ሞላ?» ወደሚል ተቀየረ። የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ዘመቻ አደረገ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ በመጨረሻ በሰኔ 2007 መንግሥትና ስታርባክስ ተፈራረሙ። ኩባንያው የስሞቹን ባለቤትነት ተቀብሎ በፈቃድ ውል ሊጠቀም ተስማማ። ኢትዮጵያ ለፈቃዱ ክፍያ አልጠየቀችም። ስሙ እንዲታወቅና የቡናው ዋጋ በዚያ እንዲያድግ ነበር ሐሳቡ። ልክ ነበር አልነበረም፣ ዛሬም የሚከራከሩበት አሉ። እኔ በበኩሌ ባለቤትነቱ ከታወቀ ክፍያው በኋላ ይመጣል ባይ ነኝ።

መንግሥት ከሁለት ዓመት በላይ፣ ጠበቆችና የዓለም ዘመቻ አስፈለገው። እናንተ ያን ሁሉ የላችሁም። ያላችሁ ቀድሞ መድረስ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ፣ ሕጉን ሳይሆን ስሜቴን ነው የምናገረው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አንድ ሰው «ጨምበላላ» የሚለውን ቃል ለሆቴሉ ብቻ አድርጌ ልዝጋው ቢለኝ ወረቀቱን አልሠራለትም። በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ ቄጣላ የሚጨፍር ሽማግሌ «ይሄን ቃል ለማን ሸጣችሁት?» ቢለኝ መልስ የለኝም።

ወደ ሥራው። ምዝገባ የሚካሄደው በምድብ ነው፣ እኛ ክላስ እንለዋለን። በዓለም አቀፍ አከፋፈሉ 45 ክላስ አለ፣ 34ቱ የዕቃ፣ 11ዱ የአገልግሎት። የእናንተ ዋናው 43 ነው፤ ምግብ፣ መጠጥና አልጋ። ብዙ ሰው እሱን ይዞ ይተኛል። እንግዲህ አስቡ። ሆቴላችሁ ጀልባና የወንዶ ገነት ጉብኝት ያዘጋጃል እንበል። ጉዞ 39 ነው። ስፓና ማሳጅ 44 ነው። ሎቢ ላይ በራሳችሁ ስም የታሸገ ቡና ትሸጣላችሁ? ቡና 30 ነው። የታሸገ ውሃ 32። 43 ብቻ ያስመዘገበ ሰው ጎረቤቱ በእሱ ስም ቡና አሽጎ ሱፐርማርኬት ሲያስገባ ክርክሩ ይረዝምበታል። ሁሉንም ግዙ አልልም፣ እያንዳንዱ ክላስ ክፍያ አለው። የምትሠሩትንና በሁለት ሦስት ዓመት ልትሠሩ ያሰባችሁትን ውሰዱ። ለወደፊት ልጄ ይሠራበታል ብላችሁ ሃያ ክላስ ብትይዙ ደግሞ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያልተጠቀማችሁበት ሊሰረዝ ይችላል።

ማመልከቻ፣ የምልክቱ ናሙና፣ የአገልግሎት ዝርዝር፣ ክፍያ። ይመረመራል። ካለፈ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ተብሎ ማስታወቂያ ይወጣል። ከዚያ ምስክር ወረቀት። ዕድሜው ሰባት ዓመት ነው፣ በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። ይቺን በሠርጋችሁ ቀን አጠገብ ጻፏት። ደንበኛዬ አስመዝግቦ፣ ፍሬም አሠርቶ፣ ሪሴፕሽን ላይ ሰቅሎት ነበር። ዘጠነኛ ዓመቱ ላይ ሊከስ መጣ። የሰቀለው ወረቀት ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።

የወንጀሉ ቅጣት ሆን ብሎ ለጣሰ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከአንድ እስከ አምስት። ለእኔ ይከብዳል። ታፔላ የገለበጠ ጎረቤት አሥር ዓመት ይታሰር ብዬ አልመኝም። አብዛኛው ጉዳይ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ በሽማግሌ ወይም በፍትሐ ብሔር ክስ ያልቃል፣ ይለቅም።

አሁን ደግሞ ታፔላ የሌለው ሌባ መጥቷል። የገብርኤል ዕለት ሐዋሳ ላይ አልጋ እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። አንድ የማውቀው ሆቴል ስምና ሎጎ ተወስዶ የቴሌግራም ገጽ ተከፈተበት። ፎቶው የእነሱ፣ ስልኩ የሌባው። ሰው በቴሌብር ቀብድ ላከ። በበዓሉ ዋዜማ ሻንጣ የያዘ ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ «ከፍለናል» ይላል። ባለቤቱ ምን ያድርግ? ግማሹን በኮሪደር ፍራሽ ዘርግቶ አሳደረ፣ ከኪሱ። ምልክታችሁ ከተመዘገበ እንዲህ ያለውን ገጽ ለማዘጋት የምትልኩት ወረቀት አላችሁ። ሎጎውን የሠራላችሁ ልጅ ጋርም መብቱ የእናንተ እንደሆነ የሚል አጭር ውል ፈርሙ። ፌስቡክና ቴሌግራሙን የከፈተው ሠራተኛ ሲለቅ የይለፍ ቃሉን ይዞ እንዳይሄድ።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ሒልተን አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1969 ነው የተከፈተው። ሕንጻው የሒልተን አይደለም፣ ስሙና አሠራሩ ነው የሒልተን። ታላላቆቹ ሰንሰለቶች የሚያከራዩት ስም ነው። ቅርባችንን ካያችሁ ኃይሌ ሪዞርት ከዚሁ ከሐዋሳ ተነስቶ ዝዋይ፣ አርባ ምንጭ፣ አዳማ፣ ጎንደር ደረሰ። አዲስ ከተማ ሲገባ «ማን ነህ?» የሚለው የለም። እናንተም ዲላ ወይም ሻሸመኔ ያለ ሰው «በስምህ ልሥራና ድርሻ ልክፈልህ» ቢላችሁ፣ የተመዘገበ ምልክት ካላችሁ የፈቃድ ውል ትዋዋላላችሁ፣ ጥራቱንም ትቆጣጠራላችሁ። ከሌላችሁ የምታከራዩት የማንን ነው?

ሰዓቴ አልቋል። እትዬ ግን እንደገና እጃቸውን አውጥተዋል።

«እሺ፣ ገባኝ። በማን ስም ላስመዝግበው? በእኔ ወይስ በድርጅቱ?»

ቤቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ በማኅበሩ ስም ይሁን። በግል ንግድ ፈቃድ የሚሠሩ ከሆነ በእርስዎ። ስሙ የማን እንደሆነ ካልታወቀ ወራሾች ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጣሉበት እሱ ነው።

«እንግዲያው ሰኞ ልጄን አዲስ አበባ እልከዋለሁ።»

ይላኩት እትዬ። ውክልና ሰጥተው፣ ፎርሙ ላይ የሚጻፈውን ስም ግን እርስዎ ራስዎ ጽፈው ይስጡት። ልጁም እዚህ ነው ያለው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ።